ለወንድማቸው ብልቃጥ ያልመረጡት የአንጎል ሐኪም

የአንጎልና የነርቭ ሐኪም የነበሩት ታላቅ እኅታችን በበረዶ ፋብሪካ የማሽን ሠራተኛ ከነበሩት አባታችንና የተማሪዎች ዩኒፎርም በመስፋት ከሚታወቁት እናታችን በ1938 ዓ.ም. ከፋብሪካው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ የተከተለው ሁለተኛውና የመጨረሻው ልጅ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ፀጉር አስተካካዩ ነኝ። ዕድሜ ልኬን «እትዬ፣ አንቺ» ስላት የኖርኩትን ሰው ዛሬ በአንቱታ መጻፍ ትንሽ ያደናቅፈኛል። ቢሆንም ወግ ነው፤ ደግሞም ይገባቸዋል።

እኅቴ በልጅነታቸው ጭምት ነበሩ የሚል ካለ አላወቃቸውም። አንድ ነገር በተነገራቸው ቁጥር «ከምን ጋር ሲወዳደር?» ብለው የሚጠይቁ ልጅ ነበሩ። እናታችን «ይህ ጨርቅ ጠንካራ ነው» ካሉ፣ ከምን ጋር። ጎረቤት «ልጄ ጎበዝ ነው» ካለች፣ ከማን ጋር። ሰፈሩም «ከምን ጋር» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያም ነጭ ጋዋን ለብሶ ሆስፒታል ድረስ ተከተላቸው። አባታችን በዚህ ይኮሩ ነበር። እናታችን ግን «ይህቺ ልጅ በዚህ ምላሷ ባል አታገኝም» እያሉ ይሰጉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1957 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ አንድ ቀን ጠዋት አባታችን ቁርስ ላይ እንደተቀመጡ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጎበጠ፤ ቃላቸውም ተኮላተፈ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ «ፈረቃው ከብዶት ነው፣ ደክሞታል፣ ይተኛ» አልን። ብርድ ልብስ ደረብንላቸው፣ መጋረጃውን ዘጋን፣ በር ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ዝም በሉ እያልን ተቆጣን። እኅቴ ከትምህርት ቤት የተመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አባታቸውን አዩና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብቻ አሉ። እናታችን ያልተነሣውን የቁርስ ትሪ በጣታቸው አሳዩዋቸው።

አባታችን ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሩ፤ አንድም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩ። እኔ ምላጭ መያዝ የተማርኩት አባታችንን እየላጨሁ ነው። እኅቴም ዕድሜ ልካቸውን የሚሠሩትን ሥራ የመረጡት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በእርግጥ በዚያ ዘመን ስትሮክ የመታው ሰው ቶሎ ቢደርስም ሐኪሞቹ አስተኝቶ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። እኅቴ ይህን ያውቁ ነበር፤ በጣም ያበሳጫቸውም ይኸው ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በሕክምና ተመርቀው በዓመቱ ከካርታ ሥራ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ሰውየው ሲያጫውቱን፣ ገና በመተዋወቂያቸው ሰሞን «ቆንጆ ነሽ» ቢሏቸው እኅቴ ያችን የተለመደች ጥያቄያቸውን ጠየቁ። እርሳቸውም አገር ምድሩን ሲለኩ የኖሩ ናቸውና «እስካሁን ከለካሁት ሁሉ ጋር» ብለው መለሱ። እኅቴ በክርክር ሲረቱ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ ድልድይ የምትሠራውን መሐንዲስ ሴት ልጃቸውንና ዳቦ ቤት ያለውን ወንድ ልጃቸውን ያፈሩት ከእኚሁ ደግ ሰው ጋር ነው።

የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው በ1970 ዓ.ም. በትልቁ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከሰዓት በፊት በሽተኛ ያያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ቤተ ሙከራቸው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቀጥሎ ነበር። የእንፋሎት ቧንቧ በጣሪያው ያልፋል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ የአንሶላና የአይጥ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። የአይጦቹን ጭንቅላት ለማቀዝቀዝ የመጀመሪያውን በረዶ በባልዲ ያመጡት ከአባታችን ፋብሪካ ነው። የአባታችን የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች «ለምንድን ነው?» ሲሏቸው «ለአይጥ ራስ ምታት» ይሉ ነበር።

ሥራቸውን ለእኔ ለማይሙ ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲደፈን መሐሉ ላይ ያለው ክፍል ወዲያው ይሞታል፤ ለእሱ ምንም ማድረግ አይቻልም። በዙሪያው ያለው ግን ሥራ ያቆማል እንጂ አልሞተም። መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ቆመዋል፣ ሰዎቹም ውስጥ ናቸው። ደም እስኪመለስለት ድረስ ለጥቂት ሰዓታት ይጠብቃል፣ ከዚያ እሱም ይፈርሳል። እኅቴ ይፈልጉት የነበረው ያን የሚጠብቀውን ክፍል አጽንቶ የሚያቆይ መድኃኒት ነበር። ብዙ ሞከሩ፣ ብዙ ጣሉ። በተራ አሥራ ሰባተኛ የሆነው ግን በአይጦቹ ላይ ድንቅ ሠራ። እግራቸውን ይጎትቱ የነበሩ አይጦች በሳምንቱ ሽቦ ላይ ይወጡ ጀመር። መድኃኒቱ ስም ሳይወጣለት ቀረና ቤተሰቡ ሁሉ «አሥራ ሰባት» እያለ ይጠራው ነበር፤ እንደ አንድ የቤት ልጅ ተቆጠረ።

በ1984 ዓ.ም. አሥራ ሰባትን በሰው ላይ ለመሞከር ፈቃድ ተገኘ። አሠራሩን ያወጡት እኅቴ ራሳቸው ናቸው። በስትሮክ የመጣ ሰው እርሱ ወይም ቤተሰቡ ከፈቀደ ዕጣ ይወጣለታል፤ ግማሹ ከሌላው ሕክምና ጋር መድኃኒቱን፣ ግማሹ ተራ የጨው ውሃ ያገኛል። ብልቃጦቹ በመልክም በልክም አንድ ናቸው፣ ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ ሐኪሙ አያውቅም፣ በሽተኛውም አያውቅም። የሚያውቁት በሌላ ሕንፃ የሚሠሩ አንዲት ፋርማሲስት ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም የእኅቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስትሮክ እኔን መታኝ። ገና አርባ ዓመቴ ነበር። የአንድ ባለታክሲ ደንበኛዬን ጢም እየላጨሁ ሳለ ምላጩ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ስል ቀኝ እጄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ተራ የሚጠብቁት «ደክሞት ነው፣ ወንበር ስጡት፣ ይረፍ» ማለት ጀመሩ። እኅቴ ግን መስታወቴ ላይ በትልልቅ ፊደል አስለጥፈውኝ ነበር፦ ፊቱ ከጎበጠ፣ እጁ ከዛለ፣ ቃሉ ከተኮላተፈ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል። ለዓመታት ደንበኞች ሲያሾፉበት የኖረ ወረቀት ነው። ባለታክሲው እንደ አረፋው፣ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ፣ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ጣለኝና ወሰደኝ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ነርሶቹ መጀመሪያ የያዙት እሱን ነው፤ ከሁለታችን እሱ የባሰ ይመስል ነበር።

እኅቴ ሲደርሱ ወንድማቸው ነኝና ሕክምናዬን ለባልደረባቸው ለቀቁ። ባለቤቴ ጥናቱ ውስጥ እንድገባ ፈቀደች። ይህን ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ተከትለው የደረሱት እናታችን የእኅቴን ጋዋን ጨምድደው ያዙ።

«የትኛው ብልቃጥ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ለወንድምሽ ጥሩውን ስጪው።»

«እማዬ፣ የትኛው ጥሩ እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ለማንም ዕጣ አላወጣም ነበር።»

«ለአይጥ ሠርቷል ብለሽ የለ!»

«ለአይጥ ሠርቷል። እሱ አይጥ ነው?»

እኔ ቃሬዛው ላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፤ መናገር ግን አልችልም። መናገር ብችል ምን እል እንደነበር ደግሞ አልደብቅም፤ «እናታችን ያሉትን አድርጊ» እል ነበር። ዕጣው ወጣ፣ አንድ ቁጥር መጣ፣ ብልቃጡ በጉሉኮሱ ገባልኝ። እናታችን ለብዙ ወራት ሰላምታቸውን ነፈጓቸው። እኅቴ በየቀኑ ይመጣሉ፣ እናታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ እኅቴም «ደህና ዋሉ እማዬ» ብለው ይሄዳሉ።

ፋርማሲስቷ ጡረታ ሲወጡ አንድ ነገር አጫወቱን። ያን ቀን ቢሯቸው ስልክ ጮኸ። ሲያነሡት ከወዲያ በኩል የሚተነፍስ ሰው ብቻ ይሰማል። ጓደኛቸው መሆናቸውን አወቁ፤ ስለ እኔም ሰምተው ነበርና የብልቃጡ ጥያቄ እስኪመጣ ጠበቁ። በመጨረሻ እኅቴ «ምንም አይደል፣ ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት። እኅቴን ድንጋይ ናቸው ለሚሉ ሰዎች ይህን እንድናገር ፋርማሲስቷ አደራ ብለውኛል፤ እነሆ ተናገርኩ።

እኔም ዳንኩ። ቀስ በቀስ ጣቶቼ ተፈቱ፣ ምላሴም ተፈታ፣ ከዓመት በኋላ መቀስ ያዝኩ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስለ አሥራ ሰባት ሳይሰማ አይነሣም። እጄን አጨብጭቤ አሳያለሁ፣ ምላስ የሚያስተሳስር ቃል እየመረጥኩ እናገራለሁ። ሰው ከሌላ ከተማ ሳይቀር እኔን ለማየት ይመጣ ጀመር። እኅቴ ይህን ሲሰሙ በቁጣ ሱቄ ድረስ መጡ።

«ስለ መድኃኒቱ ማውራት አቁም። ምን እንዳገኘህ አታውቅም።»

«እትዬ፣ ይኸው ቆሜ እያየሽኝ?»

«አንተ ማስረጃ አይደለህም። አንተ አንድ ሰው ነህ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለገዛ ወንድም ይባላል ወይ ብዬ አኮረፍኩ። ማውራቴን ግን አልተውኩም።

በ1988 ዓ.ም. ጥናቱ አበቃና ምስጢሩ ተከፈተ። አሥራ ሰባት ያገኙትና የጨው ውሃ ያገኙት እኩል ሆኑ። እኩል ሞተዋል፣ እኩል ተርፈዋል፣ እኩል ሽባ ሆነዋል። አንዳንድ ባልደረቦች «ወጣቶቹን ብቻ ነጥለን ብናያቸውስ፣ ወይም የቀኝ ጎናቸውን የተመቱትን?» እያሉ ይዞሩ ጀመር። እኅቴ ግን «ውጤቱን አይተን ጥያቄውን አንቀይርም» አሉ። ከተለያየ አገር የመጡ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ቆመውም መድኃኒቱ ሰውን አልረዳም ብለው በግልጽ ተናገሩ። የአሥራ ስምንት ዓመት ሥራ ነበር።

በማግስቱ ሱቄ መጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «የደረሰህ የጨው ውሃ ነው» አሉኝ። ለከተማው ሁሉ የሰበክሁለት መድኃኒት ለካ በደም ሥሬ አልፎ አያውቅም! መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እርሳቸውም ሳቁ፤ እንባ እስኪወርድ ሳቁ፤ እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። እኅቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከአባታችን ጀምሮ የነበረውን ሁሉ አለቀሱ። እኔ ፎጣ ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ሲጨርሱ «አሳጥረው» አሉኝና ፀጉራቸውን ቆረጥኩላቸው። እናታችን ወሬው ሲደርሳቸው «እንግዲያው ውሃውም ቢሆን ልጄን አድኖልኛል» አሉ። እኅቴ አፋቸውን ሲከፍቱ «ከምን ጋር ብለሽ እንዳትጠይቂኝ!» ብለው ጮኹባቸው፤ ከዚያ ተቃቅፈው ታረቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአሥራ ሰባት ማስታወቂያ አልሆንኩም። ዕጣው ለምን እንደሚያስፈልግም ያን ጊዜ ገባኝ። ዕጣ ባይኖር ኖሮ ሰው ሁሉ እኔን አይቶ ይህን መድኃኒት ዛሬም ይወስድ ነበር፤ እኅቴም ታዋቂ ሆነው ያረጁ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኅቴ ግን «መድኃኒቱ ወደቀ እንጂ ጥያቄው አልወደቀም» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለምን እንደወደቀ መረመሩ፤ በሽተኞቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው፣ ደም ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ መድኃኒትም አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውን በጊዜ ማድረስ ላይ ዘመቱ። የአምቡላንስ ሠራተኞችን አሠለጠኑ፣ ሲቲ ስካኑን ከሦስተኛ ፎቅ አስወርደው ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አስተከሉ፣ በየፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ያን ወረቀት አስለጠፉ። በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ማስተማራቸውን አላቆሙም። ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ተማሪዎቻቸው ቤታቸውን እንደ ሁለተኛ መማሪያ ክፍል አደረጉት። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በቀጭን ቱቦ በደም ሥር ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ሲለመድ እንደ ልጅ ቦረቁ። «አሁን መንገዱ ይከፈታል! እስኪከፈት ድረስ አንጎሉን የሚያቆይልን ነው የቀረው» ይሉ ነበር።

ይህንኑ ለማወቅ ተማሪዎቻቸው ከአምቡላንስ ጀምሮ የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት ላይ በ2015 ዓ.ም. ጥናት ጀመሩ። እኅቴ በአማካሪነት አንድ ነገር ብቻ አስቀየሩ። ወጣቶቹ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ያለውን ሰው ጥናቱ ውስጥ ላለማስገባት አስበው ነበር፤ ውጤት ያበላሻል ብለው። «ስትሮክ የሚመታው ሽማግሌን ነው። ሽማግሌ የሌለበት ጥናት ለማን ነው? ለመጽሔቱ?» አሏቸው። የዕድሜው ገደብ ተነሣ።

በዚህ ዓመት፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ዳቦ ቤት በላይ ባለው ቤታቸው አብረን ተቀምጠን እየተከራከርን ሳለ ንግግራቸው መሐል ላይ ተቋረጠ። በክርክር እኅቴ ዝም አሉ ማለት የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ልጃቸው ወዲያው ደወለ፤ እርሳቸው ያሠለጠኗቸው ሰዎች ያሠለጠኗቸው ልጆች በአምቡላንስ ከተፍ አሉ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ወጣት ሐኪም የእኅቴ የመጨረሻ ተማሪ ነበር። ስለ ጥናቱ ሊጠይቀን የፈቃድ ቅጹን አወጣ።

የእኅቴ ልጅ «እናቴ ናት እኮ! የምን ዕጣ? መድኃኒቱን በቀጥታ ስጣት፤ ከእሷ በላይ ማን ይገባዋል?» አለው።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። የጨው ውሃ ተሰጥቶኝ፣ ለመድኃኒት መስክሬ፣ አፍሬ፣ ገብቶኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ያን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው ግን የእናታችን ቃል ነበር፤ «ጥሩውን ስጣት» ልል ነበር። እወዳታለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወጣቱ ሐኪም ግን ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክኮ ራሳቸውን ጠየቃቸው፤ «እማማ፣ ጥናቱ ውስጥ ልናስገባዎት ነው። በዕጣ ነው። ይፈቅዳሉ?» መናገር አይችሉም፤ ቀኝ እጃቸውም አይታዘዝም። ነገር ግን ሰነፍ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪን በሚያዩበት ዓይን አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ብዕሩን ከኪሱ ራሳቸው አወጡ። የፈረሙት ፊርማ የሕፃን ጭረት ይመስላል። ልጃቸው እንባውን ጠረገ፣ እኔም ያን ቃል መልሼ ዋጥኩት፤ ዕጣው ወጣ።

ሆስፒታል ደርሰው በቀጭኑ ቱቦ የደም ሥሩ ተከፈተ። ሁለት ቀን እጃችንን እየጨበጡ ከእኛ ጋር ቆዩ። ከዚያ የልባቸው አቅም እየደከመ ሄዶ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ 2017 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸውና እኔ አጠገባቸው ባለንበት አረፉ።

እኅታችን የሴትና የወንድ ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት፣ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ታላቅ እኅት፣ ቁጥራቸውን ለማናውቀው ሐኪሞች ደግሞ መምህር ነበሩ። የተሰጣቸው መድኃኒት ይሁን የጨው ውሃ አናውቅም። ጥናቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ሊጠይቅ ይችላል ተብለናል። ልጆቻቸው ምን እንደሚያደርጉ ገና አልወሰኑም፤ እኔ ግን አልጠይቅም። በጥናቱ ውስጥ ስማቸው የለም፣ ማዕረጋቸው የለም፣ ከብዙ መቶ ሰዎች መካከል አንድ ቁጥር ናቸው። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ እርሳቸው በአንደኛው ወገን ሆነው አሳይተዋል፤ የማይሠራ ከሆነም እንደዚሁ። ነገ አንድ ሰው ቁርስ ላይ አፉ ቢጎብጥ ሐኪሙ ምን እንደሚሰጠው በእርግጠኝነት ያውቃል፤ ይህን ካሳወቁት ሰዎች አንዷ እትዬ ናት።

የሰውን አንጎል የፈጠረ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በክብር ይቀበል፤ ለልጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን፣ ላልተመለሰው ጥያቄም መልስ ይስጥልን።